ጨርቅ የሌለው ኮዳ

የለም፣ ጨርቁ የለም፣ የውኃው ጠረጴዛ በጎኑ እየሸሸ ነው፣ ኮዳዎቹ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ነጭ፣ የያንዳንዱ ሯጭ ስም ሆዳቸው ላይ ተለጥፏል፣ የሱ የቱ ነው፣ ያቺ አረንጓዴ ቁራጭ የት ገባች፣ እጁ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል፣ አለፈ። አለፈ በቃ። ባዶ እጁን።

ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። ጨርቁን በየኮዳው ራሱ ነው ያሰረው፣ ትናንት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ጫማ ክር፣ ላላ አድርጎ፣ ሚስቱ ብትሆን ሁለቴ ቋጥራ በጥርሷ ትስበው ነበር፣ ከአሮጌ ቀሚሷ ቀድዳ፣ ስንቱን አገር የሮጠው በዚያ ጨርቅ ነው፣ ሜዳሊያ ሲያጠልቁለት ጋዜጠኛው ምስጢርህ ምንድን ነው ይለዋል፣ ልምምድ ይላል፣ ምን ይበል፣ ሻምፒዮኑ የገዛ ስሙን አያነብም ይበል? የምታውቀው እሷ ብቻ። ፊደል ላስቆጥርህ ብላው ነበር፣ የሚሮጠው እግሬ እንጂ ዓይኔ ነው እንዴ አላት፣ ሳቀች፣ ያኔ ትስቅ ነበር። አሁን ወንድሟ ቤት ናት። ይሄ የመጨረሻ ሩጫዬ ነው ሲላት፣ ስንተኛው መጨረሻ፣ አለችና ሻንጣዋን አነሳች።

እግሩ እንጨት ሆኗል። ሦስተኛ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ካልገባ ከቡድኑ ይወጣል፣ አሠልጣኙ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፊት ነግሮታል፣ ሽማግሌው፣ ዛሬ ወይ ትገባለህ ወይ ትሸኛለህ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ምን ያድርግ። ከዚያስ? ከሩጫ ሌላ ምን ያውቃል? ዘበኛ ልሁን ቢል እንኳ የገባ የወጣውን ጻፍ ይሉታል።

አጠገቡ ጥይቱ የሚሉት የቡድኑ ጎረምሳ አለ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም፣ እሱም የሚፈልገው ያችኑ ሦስተኛነት ነው። ቀጣዩ ጠረጴዛ ታየ። ይሄንንም ባዶ እጁን ካለፈ አበቃለት፣ አስፋልት ላይ ይዘረጋል፣ በቴሌቪዥን፣ እሷ እያየች። ጠይቀው። ማንን፣ ይሄን? ነገ ለአውቶቡሱ ሁሉ ያወራዋል፣ የስንት ዓመት ክብር ለአንድ ጉንጭ ውኃ፣ ሞት ይሻላል፣ ደረሰ፣ ጠረጴዛው ደረሰ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣

ስማ፣ ይላል፣ ድምፁ የሱ አይመስልም፣ የኔን አንሳልኝ፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም፣ ማንበብ አልችልም።

ጎረምሳው ዞር ብሎ ያየዋል። አይስቅም። ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል፣ እርምጃው ይሰበራል፣ ኋላ ይቀራል፣ የለም፣ ሰምቶ ትቶት ቀረ፣ አዬ ጉድ፣ ምን አፌን አስከፈተኝ፣ ኮቴ፣ ኮቴ ከኋላው፣ እየቀረበ፣ ቀዝቃዛ ነገር መዳፉ ውስጥ ይገባል፣

ጠጣ ጋሼ፣ ጠጣ፣ መጨረሻው ላይ ግን አልምርህም።