ወገቤን የሚጫን እጅ

እኔ ተጸያፊ አይደለሁም። የተጸያፊ ሚስት ነኝ እንጂ።

ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። ነጭ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠባል፣ ከነካ በኋላም ይታጠባል። ሰው ጨብጦት ከሄደማ ቧንቧው ጋ እስኪደርስ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ነው የሚይዘው። ሌላ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ ታጥቦም ቢሆን ይቀፈዋል። በር የሚከፍተው በክርኑ ነው። ያረገዝኩ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሳስታውክ «እስኪያልፍልሽ» ብሎ ፍራሹን ጠቅልሎ ወርክሾፑ ውስጥ ማደር ጀመረ። አለፈልኝ፤ እሱ ግን ለመመለስ አልቸኮለም። ብቻ እጁን አልሰድብም። ሁለት ሠራተኛ ወጥሮ መያዝ ያቃተውን የሶፋ ላስቲክ እሱ ብቻውን ስቦ ይይዘዋል። የእጁን ብርታት ሰፈሩ ሁሉ ያወራለታል። እኔም ጉድ የሆንኩት በዚሁ እጅ ተማምኜ ነው።

መውለጃዬ ሲቃረብ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ አጠር ያለች፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት። ሆዴን በሁለት እጇ ወዲህ ወዲያ ደባበሰችው። ከዚያ የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች መሆኑን፣ እሱ ደግ ነገር እንደሆነ፣ ነገር ግን ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሆዴ እንዳዞረ ነገረችኝ። መሆን የነበረበት የዚህ ተቃራኒ ነው። መስኮት ላይ ተለጥፎ መንገደኛ እንደሚያይ ልጅ በይው አለችኝ። እንዲህ ሲሆን ምጡ ሊረዝም ይችላል፣ ሕመሙም ከሆድ ይልቅ ወገብ ላይ ይበረታል። ብዙዎቹ ምጥ ሲጀምር ራሳቸው ይዞራሉ፤ እልኸኛው ደግሞ እንደዚያው ሽቅብ እያየ ይወለዳል። ለስላሳ ሶፋ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጬ መቀመጡን እንድተው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት እንዳበዛ፣ አንዳንዴም ወለል እንደሚወለውል ሰው በእጅና በጉልበቴ እንድንበረከክ መከረችኝ። ልጁን ያዞረዋል ብላ አልማለችልኝም። ወገብሽን ግን ያሳርፈዋል አለች። ከዚያ አከርካሪዬ የሚያልቅበትን ቦታ በመዳፏ ተጫነችው።

«በምጡ ቀን እዚህ ጋ የሚጫንልሽ ሰው ያስፈልግሻል። እጁ ብርቱ የሆነ፣ ደግሞ ጥሎሽ የማይወጣ። እኔ ሌሎች ወላዶችም አሉብኝ። ሰው አለሽ?»

አለኝ አልኩ። እንዲያውም ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው ያልኩት።

ቤታችን ውስጥ ሳሎን የለም፣ የሶፋ መደብር ነው ያለው። ያልተሸጠውም፣ ናሙናውም፣ ደንበኛ አሠርቶ የጠፋበትም ተደርድሮ ግድግዳ አይታይም። ከሁሉም ትልቁና ጥልቁ ላይ አማቴ ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ሱፍ ይቆረጥማሉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? ከኚህ ሴትዮ ያ ተጸያፊ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አዋላጇ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩላቸው፤ ሞኝ አይደለሁ! መጀመሪያ ልጁ አኩርፎ ነው፣ እናቱ ቀኑን ሙሉ ስትጋደም እያየ ምን ያድርግ ብለው ሳቁ። ቀጥዬ ያቺን የወለሉን ነገር ነገርኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገለባውን መዳፋቸው ላይ ተፉና ወለሉን በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ይኸው ወለል» አሉኝ።

በማግስቱ ባልዲና ጨርቅ መኝታ ቤቴ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

የሰው ቤት ቆመው ሲያዩት ያምራል። እስቲ ወርዳችሁ በጉልበታችሁ ሂዱበት። ሶፋ ሥር አንገቴን አስገብቼ ያየሁትን ምሳ የበላ ሰው ባይሰማው ይሻላል። የአማቴ የሱፍ ገለባ በምራቅ ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ከወለሉ ጋር አንድ ሆኗል። በጥፍሬ ነው የምፍቀው፣ ሲላቀቅም ጣቴ ላይ ይለጠፋል። ጸጉር የተጠመጠመበት ማስቲካ አለ። የበረሮ እንቁላል አለ። አንዴ ተገምጦ የተጣለ፣ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቀለ ዳቦ አለ። የባሰው ግን የባሌ ወንበር ሥር ነው። የእግር ጥፍር! አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ እፍኝ ሙሉ፤ ቢጫ፣ ቆልመም ቆልመም ያለ። የሰው ብርጭቆ የሚቀፈው ሰውዬ እዚያ ተቀምጦ ጥፍሩን እየቆረጠ ወደ ታች ሲያራግፍ ኖሯል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። አንገፈገፈኝ። ሆዴ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ አፌን በክንዴ ይዤ «ዙርልኝ እባክህ፣ ዙርና ከዚህ እንውጣ» እያልኩ ልጄን እለምነው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወገቤን ቀለል ይለኝ ነበር። ይህ ራሱ ያናድደኛል።

አማቴ ግን የሐኪም ትእዛዝ ብለው ያዙት። ሳሎኑ ሲያልቅ ኮሪደሩ፣ ኮሪደሩ ሲያልቅ ሠራተኞቹ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ይቀጥላል። እዚያ ወለል ላይ ያነሳሁትን አልናገርም። እንግዳ መጥቶ ምነው ነፍሰ ጡሯን ሲላቸው፣ ሐኪም አዞላት ነው፣ ለልጁ ብላ ነው ይላሉ። እያወሩም ገለባው ከመዳፋቸው ሾልኮ አሁን የወለወልኩት ላይ ይንጠባጠባል። ወንበር ደገፍ ብዬ ጎንበስ ማለቱም ይበቃል፣ አዋላጇ ወለል እጠቢ አላለችኝም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉኝ፤ በግማሽ ሰምተሽ አትቅሪ፣ ከጀመርሽ አይቀር በደንብ አድርጊው ማለታቸው ነው። ለባሌ አቤት ልበል ብዬ ባልዲዬን እየጎተትኩ ወደ ወንበሩ ሄድኩ። እግሩን ከፍ አድርጎ በሥሩ አሳለፈኝ። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። ንዴት እንኳ አልተሰማኝም፤ ቆሻሻ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ።

ግን እጁ ያስፈልገኛል። እናቴ በሕይወት የለችም፣ እህትም የለኝ፤ ወገቤን ማን ይጫንልኝ?

አዋላጇ የሚጫንልሽን ሰው አምጪና ላለማምደው ብላኝ ነበር። ባሌ አልሄድም አለ። የጤና ጣቢያ የበር እጀታ ብቻ ስንት በሽታ እንደሚይዝ ቁጭ ብሎ ዘረዘረልኝ። ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ መልሼ ለመንኩት። በመጨረሻ ወርክሾፑ ውስጥ ገና ጨርቅ ያልለበሰ የሶፋ እንጨት ተደግፌ ቦታውን እኔው አሳየሁት። ሄዶ እጁን ታጠበ። ተመልሶ ከጥቅሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ቀደደና ወገቤ ላይ አነጠፈ፤ እጁ እኔን እንዳይነካ! «ላብሽ እኮ ነው» አለኝ፣ ያዘነልኝ ይመስል። ከዚያ ተጫነው። ምን ልበላችሁ፣ ነፍሴ መለስ አለች። ስንት ጊዜ አጥንቴ ውስጥ ተወሽቆ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲለቀኝ ተሰማኝ። ጨርቁንም፣ ጥፍሩንም፣ ሁሉንም ይቅር አልኩት።

«በዕለቱ ትመጣለህ?» አልኩት።

«እመጣለሁ። ሌላ ማን አለሽ?» አለኝ።

አመንኩት። የቸገረው ሰው ምን ያደርጋል።

ምጡ የመጣው ጠዋት፣ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ነው። የያዘኝ ሆዴን ሳይሆን ወገቤን ነው፣ ልክ አዋላጇ እንዳለችው። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጥዬ ባሌን ጠራሁ። ዕቃ የሚያደርስባትን መኪና አስነሳና ወንበሯ ላይ ሶፋ የሚጠቀለልበትን ፕላስቲክ ማንጠፍ ጀመረ። እኔ በሩን ተደግፌ እያቃሰትኩ እሱ የፕላስቲኩን ጥግ ጥግ ያስተካክላል። አማቴ ማንም ሳይጠራቸው የሱፍ ፌስታላቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ። መንገድ ላይ አስታወኩ። መስኮት ከፈተ፤ የእኔን አይደለም፣ የራሱን።

ጤና ጣቢያ አዋላጇ ልብሴን አስቀይራ፣ አልጋው ላይ ወደ ፊት አስደግፋ አስጎነበሰችኝ። መረመረችኝና ልጁ አሁንም እንዳልዞረ ነገረችኝ። ባሌን ከኋላዬ አቁማ ቦታውን አሳየችው፤ አማቴም በር ላይ ሆነው ያያሉ። ጓንት ጠየቀ፣ ሰጡት። መጀመሪያ ላይ በደንብ ተጫነልኝ። ሕመሙ ሲመጣ እጁ ይመጣል፣ ሕመሙ ሲሄድ እሱም ወደ ኋላ ይላል። እንግዲህ በዚሁ እንዘልቀዋለን ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንዱ ጠንክሮ መጣና የሽርት ውሃው ፈሰሰ። ውሃ ብቻም አልነበረም፣ ደምም ሌላም ነበረበት። ምጥ ነው፣ ሽቶ አይደለም። ጫማው ላይ ተረጨ። እጁ ከወገቤ ላይ ተነሳ።

«አልቻልኩም» አለ። «አስጠላኝ።»

ዞር ብዬ ሳየው የሚያየው ጫማውን ነው። ወጣ። ከውጭ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ፤ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አይቆምም። ቀጣዩ ሕመም ከሩቅ እየመጣ መሆኑ ይታወቀኛል። አዋላጇ ጎንበስ ብላ የልጁን ልብ ምት እያዳመጠች ነው። ከኋላዬ ማንም የለም። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሕመሙ ሲደርስ አንድ ቡጢ ወገቤ ላይ አረፈ። ጓንት የለው፣ ጨርቅ የለው። የሱፍ ሽታ ያለው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ነፈሰብኝ። አማቴ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ የፈሰሰው ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑኝ።

ወደድኳቸው ማለቴ አይደለም። ኤዲያ! እየተጫኑ ያገሱብኛል። ጥርሳቸው መሃል የቀረውን ገለባ በምላሳቸው ሲያወጡ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። ላባቸው አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ እኔም ይሰቀጥጠኛል። ግን ሕመሙ በመጣ ቁጥር ቡጢያቸው ቀድሞት ይጠብቀዋል። አንዱ ላይ አቅሌን ስቼ የሆዴን ሁሉ ተናገርኳቸው። ገለባዎን በጥፍሬ ስፍቅ የከረምኩት እኔ ነኝ፣ ሽንት ቤት ያንበረከኩኝ እርስዎ ነዎት፣ ያስጠሉኛል አልኳቸው። እጃቸው ንቅንቅ አላለም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ተንፍሺ።»

ተነፈስኩ። ምን አማራጭ አለኝ? ቀኑ ረዘመ። ክንዳቸው ሲዝል በክርናቸው፣ ክርናቸው ሲዝል በሌላው እጃቸው እያሉ አንድም ሕመም ሳያመልጣቸው ቆዩ። አዋላጇ እማማ ትንሽ ይረፉ፣ እኔ ልያዝላት ብትላቸው ማን ሰምቷት። የሱፍ ፌስታሉ ወንበር ላይ ተገልብጦ ፍሬው ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ ዞር ብለው አላዩትም። ባሌን ማንም አልጠራውም፣ እሱም አልመጣም።

ልጄ፣ ለካ ሴት ናት፣ አልዞረችም። ያ ሁሉ መንበርከክ፣ ያ ሁሉ ጥፍርና ገለባ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ሽቅብ እያየች፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ግንባሯ ተጨማዶ ተወለደች። አዋላጇ ሳቀችና ይህቺ ምንም እንዲያመልጣት አልፈለገችም አለች። ከዚያ ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት። ነጭ ቅባት የተለደፈባት፣ ደም የነካት፣ የምታሙለጨልጭ ነገር። ከስንት ጊዜ በኋላ ያላስጠላኝ ነገር እሷ ብቻ ነበረች። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ላስኳት ማለት ይቀላል፣ ያልሳምኳት ቦታ የለም።

አማቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የደነዘዘ ክንዳቸውን ያሻሉ። አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ ዓይናቸው ግን ልጅቷ ላይ ተተክሏል።

«እማማ፣ ይያዟት» አልኳቸው።

እንደነበረች፣ ደሟን ሳይጠርጉ ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

ባሌ በሩ ላይ የደረሰው ይሄኔ ነው። መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዟል። ጫማውም ሱሪውም ሌላ ነው፤ ለካ እኔ ሳምጥ ቤት ሄዶ ልብስ ቀይሮ ነው የተመለሰው። ደስ አላለውም ብዬ አልዋሽም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ደጃፉን ግን አላለፈም።

«አጠባችኋት?» አለ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቱ ቀደሙኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ እኔ አንተን የታቀፍኩህ ሳትታጠብ ነው» አሉት።

መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። አንድ እርምጃ ገባ፣ ወለሉ ላይ ያለውን አየና ቆመ። ያመጡልኛል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ከቆመበት ሁለት እጁን ዘረጋ። ሰፊ፣ ብርቱ፣ እስከ ክርኑ የታጠበ እጅ ነው። እናቱ አልተነሱም፣ እኔም ይስጡት አላልኩም።