አራት ወንበር ቤንዚን

ለጅማ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በየመንገዱ ዳር ቆማችሁ መኪና ለምትጠብቁ ወገኖች በሙሉ፦ የአቶ ኤርሲዶ ሚኒባስ የነዳጅ ታንክ ባደረበት የዝገት ሕመም ሁለት ዓመት ሙሉ በሳሙና፣ በማስቲካና በላስቲክ በአገር ውስጥ ሲታከም ቆይቶ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሰርቦ ዳገት ላይ ከሃያ አንድ ሊትር ቤንዚን ጋር በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሟች ታጋሽ፣ ዝምተኛ፣ ላልለመነው አስፋልት ሳይቀር ለጋስ ነበር።

ይህን ማስታወቂያ የለጠፈው የለም። ኤርሲዶ ግን ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ከመካኒኩ ከሸኩር ጋራዥ በር ላይ፣ በተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ አገጩን በመዳፉ ሲደግፍ ላየው ለቅሶ ደራሽ ብቻ ነበር የጎደለው።

ከሆሳዕና ጅማ የመጣው በጎልማሳነቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጅማ–አሰንዳቦ፣ አሰንዳቦ–ጅማ ሲል ኖሯል። የልጆቹን ዕድሜ እንኳ የሚያሰላው በየትኛው ጎማ ዘመን እንደተወለዱ አስታውሶ ነው። አሁን ያስጨነቀው የታንኩ ሞት ሳይሆን የመናኸሪያው ደንብ ነበር፤ አስራ አምስት ቀን ከተራ የቀረ መኪና ታፔላውን ይነጠቃል፣ መስመሩም ለሌላ ይሰጣል። ሚስቱ ታይቱ «ቢቀርስ? አርፈህ ቤት ትቀመጣለህ» ብትለው፣ ቤት ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ሊያስብ ሞክሮ ምንም አልመጣለትም።

ሸኩር ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንሸራትቶ ወጣ። ብየዳ ዓይኑን ያቀላው፣ እጁ የተባረከ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ አሁን ልንገርዎ ወይስ መጀመሪያ ሻይ ይጠጣሉ?»

«ንገረኝ።»

«ታንኩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሚታሰርበት ብረትም በዝገት አልቋል። ከሥር የሚያንጠለጥሉበት ቦታ የለም። ወላሂ፣ ይህ መኪና እስከዛሬ የሄደው በናንተ ቸርች ጸሎት ነው።»

«ጸሎቱን ተወውና መላ አምጣ።»

ሸኩር የኋላውን በር ከፍቶ የመጨረሻውን ወንበር በመዳፉ ለካ፤ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። «ታንኩን ውስጥ እንሠራዋለን። አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ሠላሳ ሊትር ይይዛል። ስንት ሰው ላውርድልዎ?»

ኤርሲዶ በልቡ ደመረ። በድሮው ታንክ ሦስት ቀን ማደያ ተሰልፎ፣ አርባ ሊትር ቀድቶ፣ ሁለት ቀን ይሠራ ነበር። አራት ሰው ቢያወርድ ግን መቶ ሃያ ሊትር ነው። ያው ሦስት ቀን ተሰልፎ ሳምንት ሊሠራ ነው!

«ይሄ ነገር ጀሪካን ነው ብለው ቢከለክሉኝስ? በጀሪካን አይቀዱም።»

«ጀሪካን የሚባለው በእጅ ሲያዝ ነው። ከተበየደ የመኪናው አካል ነው። ኦቦ ኤርሲዶ፣ ሰው አንጀቱን በፌስታል ይዞ ይዞራል እንዴ?»

«አራት ሰው» አለ ኤርሲዶ፣ አራቱን ራሱ የሚቀብራቸው ይመስል።

«ከላይ ስፖንጅ አለብሰዋለሁ። አራቱም ተመልሰው ይቀመጡበታል። መሌ፣ እንዴታ! ሰውም አይወርድ፣ ቤንዚንም አይቀር።»

ሁለቱም ተሳሳቱ። ግን ማን ይፈርድባቸዋል? ሰው ትርፍ ጎማና ከረጢት ላይ በሚቀመጥበት፣ ሞተር ክዳን ላይ እንኳ ሦስት ሰው ተደራርቦ በሚሄድበት መስመር ላይ፣ ለመቀመጫ የማይሆን ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ሸኩር የሚበይደው መብራት ሲመጣ ነው፣ መብራት የሚመጣው ደግሞ ሸኩር ሶላት ላይ ሲሆን ነው። የማደያው ሰልፍ ይባስ ብሎ አምስት ቀን ወሰደ። በአስራ አራተኛው ቀን ማለዳ ቀጂዋ ቱቦውን ሰክታ ቁጥሩ አርባን አልፎ፣ ሰማንያን አልፎ ሲሮጥ ጎንበስ ብላ ከመኪናው ሥር አየች።

«አባባ፣ ወዴት ነው የሚገባው?»

«ወደ ውስጥ» አለ ኤርሲዶ። መቶ ሃያ ላይ ሲቆም የመዘምራን መዝሙር እያንጎራጎረ ወደ መናኸሪያ ነዳ። አንድ ቀን ተርፎት ደረሰ።

መናኸሪያው ላይ መኪኖቹን በተራ የምትመዘግበው ፈሂማ ናት። ተማሪ ሳለች በዚሁ መኪና ነበር የምትመላለሰው።

«ጋሽ ኤርሲዶ! ሞቱ ተብሎ ነበር እኮ።»

«ታንኩ ነው የሞተው። ጻፊኝ፣ ልጄ።»

ልትጽፈው እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ሽታው ግን ቀድሟት ደረሰ። አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና ወደ ውስጥ አየችና ወንበሮቹን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

«ሊብሬው አስራ ሁለት ይላል። ያለው ስምንት ነው።»

«አራቱ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ስፖንጅ አለው፤ ንኪው፣ ከሌላው ይለሰልሳል።»

«ቤንዚን ላይ?»

«ሃያ ሰው ስጭን ማን ቆጥሮብኝ ያውቃል? አንቺንስ ስንት ጊዜ ጎማ ላይ አስቀምጬሻለሁ!»

«ትርፍ ሲሆን ይቀጣሉ፣ ያልፋል። ሲጎድል ግን ይሰረዛል። ደንቡ እንደዚያ ነው። እኔ ምን ላድርግ?» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ። «ወንበሩን መልሰው ነገ ይምጡ።»

ወንበሩን ለመመለስ ታንኩ መውጣት አለበት። ታንኩ ከወጣ የሚገባበት የለም። ፈሂማ ታፔላውን ከመኪናው ግንባር ራሷ አወረደችው። በነጋታው ማታ መስመሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ከመናኸሪያው በር ሳይርቅ የሞተርና የባጃጅ ሹፌሮች ባዶ ሃይላንድ ይዘው ከበቡት።

«ፋዘር፣ በእጥፍ!»

«እኔ በሦስት እጥፍ! አንድ ሃይላንድ ብቻ!»

«አባባ፣ ሰው ከመጫን ይሄ አይሻልዎትም?» አለ አንዱ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ። «ቤንዚን አይጨቃጨቅም፣ መልስ አይልም፣ ወራጅ አለ ብሎ አይጮህም።»

ሁሉም ሳቁ። ኤርሲዶም ፈገግ አለ፤ እውነት ነዋ። መስታወቱን ዘጋና ነዳ።

ቤት ገብቶ የሚሠራው ነገር አሁንም አልመጣለትም፤ የነዳው ወደ አሰንዳቦ ነበር። ባዶውን። መንገድ ዳር የቆሙት መኪናውን ስለሚያውቁት እጃቸውን አነሱ፤ አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን አንስታ ትንሽ ሮጠች። ታፔላ የለውምና አልቆመላትም። አሰንዳቦ ደርሶ እንደወትሮው ቦታው ላይ አዞረ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ሰው ሞልቶ ለመነሳት የሚፈጀውን ያህል ጠበቀ፣ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሄደ። በማግስቱም። በማግስቱ ማግስትም።

በስድስተኛው ቀን ሚኒባሱ ከሸኩር ጋራዥ አጠገብ ተንተፋትፎ ቆመ። ሸኩር የታንኩን ክዳን ከፍቶ ዱላ ከተተ፤ ዱላው ደርቆ ወጣ።

«ቀዱብዎት?»

«አልቀዱብኝም።»

«ሸጡት?»

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ መቶ ሃያ ሊትር የት ገባ?»

«አሰንዳቦ።»

«ታፔላ ሳይኖርዎት? ማንን ጭነው?»

«ማንንም።»

«ስንት ጊዜ?»

«አስራ ሁለት ጊዜ።»

ሸኩር ዱላውን እንደያዘ ፊቱን አየው። «ያ ረቢ! ጋሽ ኤርሲዶ፣ ባዶ መኪና ይዘው አስራ ሁለት ጊዜ አሰንዳቦ ምን ሊሠሩ?»

ኤርሲዶ ቁልፉን ነቅሎ ከመኪናው ወረደ።

«አልነግርህም» አለ።

«ለኔ እንኳ?»

«አልነግርህም አልኩ እኮ።»