ያልመጣባቸው እሑዶች

«ይቺን ደግሞ ማን ጠራት?» አለች ፋሪሃ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ።

እናቷ ሐያት ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ዝም በይ። የሞተው አባቷ ነው፤ ጥሪ ልትጠብቅ ኖሯል?»

«እንግዲያው እዚያው ትቀመጥ። ከኔ ጎን ግን አትቀመጥም።»

በሩ አጠገብ፣ ጫማ ከተከመረበት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ወጣት ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ሙኒያ ትባላለች፤ የሟቹ የሾፌሩ የአብዱናሲር የሰመራዋ ሚስት ልጅ ናት። አብዱናሲር ጠዋት አዋሽ ቤቱ ዐርፎ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሲቀበር እሷ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ጃናዛው ላይ አልደረሰችም። እናቷ ሀምዳ ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ዒዳ ላይ ስለሆነች ከቤቷ አትወጣም፤ ልጅቷ ብቻዋን በሚኒባስ መጣች።

ያን ቀንም በማግስቱም ለቅሶ ደራሹ እሷን እያለፈ ወደ ሐያትና ወደ ፋሪሃ ይሄዳል። ለሙኒያ እጁን የዘረጋላት የለም። ብዙዎቹ ማን እንደሆነች አያውቁም፤ የሚያውቁትም እንዳላወቁ መሆን ይሻላቸዋል። ሾፌር እንደሆነ በየከተማው ወሬ አለው፤ በለቅሶ ቤት ግን ወሬውን በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

በሁለተኛው ቀን አንዷ ጎረቤት ሻይ እያቀበለች፣ «ፋሪሃዬ፣ ያ የእሑዱ ነገር ትዝ አይልሽም?» አለቻት። ፋሪሃ ሻዩን ተቀበለች። እንዴት ትዝ አይላት!

ያኔ እሑድ ማለት መኪና ስር መዋል ነበር። አብዱናሲር ከጅቡቲ ሲመለስ ቅዳሜ ማታ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪናውን ከነተሳቢው ባቡር ሐዲዱ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ያቆማል። እሑድ ረፋድ ላይ ፀሐዩ የአዋሽን ቆርቆሮ ማንጨርጨር ሲጀምር ተሳቢው ስር ምንጣፍ ያነጥፋል። ቤቱ እንደ ምድጃ ሲግል እዚያ ስር ነፋስ ያልፋል። ከዕቃ ሳጥኑ ቡታጋዙን ያወጣና ሩዝ በፍየል ሥጋ ራሱ ይሠራል።

«እሑድ ሐያት እንግዳ ናት» ይላል። ሐያትም እግሯን ዘርግታ፣ ጨው አነሰው፣ ሥጋው አልበሰለም እያለች እንግዳ የማይለውን ሁሉ ትላለች።

ጎረቤታቸው አስረሳሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች። «ቤት እያላችሁ ምን ሆናችሁ ነው ከመኪና ስር የምትውሉት?»

«ቤቱማ የሐያት ነው። የኔ ቤት ይሄ ነው፤ ግቢ» ይላታል አብዱናሲር። ነጠላዋን ሰብስባ ትገባለች። የእስላም ሥጋ ስለማትበላ ለሷ ሀብሀብ ይቆረጥላታል። አንዳንዴ ከላይ ዘይት ጠብ ይላል፤ የፋሪሃ የዒድ ቀሚስ እንኳ በዚሁ ነው የተበላሸው። ሳቅ ነበር፤ እውነተኛ ሳቅ።

ግን አንዱን እሑድ መጥቶ አንዱን ይቀር ነበር። ፋሪሃ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አባቷ ሰመራ ሌላ ሚስት እንዳለው ሰማች። ከዚያ ወዲህ ለቀረው እሑድ ሁሉ አድራሻ ተገኘለት። ቤት ውስጥ ግን ስለ ሰመራ አንድም ቃል አይነሳም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚያ ቤት ማንንም አላበለጸገም።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ አባቷ «ነይ እንጂ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ» ብሎ ሲጠራት ሜዳው ላይ ቆመችና ሰው እየሰማ፣ «ሂድና ለሰመራዎቹ ቀቅልላቸው!» አለችው።

አብዱናሲር አልተቆጣም። ማንኪያውን አስቀመጠና ቡታጋዙን አጠፋው። ከዚያ በኋላ የእሑዱ ሩዝ ቤት ውስጥ ይበላ ጀመር። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመቱ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ዱዓ ተደርጎ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ሙኒያም ብቻዋን እንደመጣች ብቻዋን ወደ ሰመራ ትመለሳለች። ፋሪሃ ብርጭቆ ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ ሙኒያ ማንም ሳያዛት ከገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ታጥባለች።

«እትዬ ፋሪሃ» አለች ቀና ሳትል። «መኪናው ስር እውነት ነፋስ ነበረው?»

«ማን ነገረሽ?»

«አባባ። ውሰደኝ ስለው፣ ‹እህትሽ ስትፈቅድ› ይለኝ ነበር።»

ፋሪሃ አንድ የታጠበ ብርጭቆ አነሳች። «እናንተ ጋ ሲመጣ አያነጥፍም ነበር እንዴ?»

«የት ጊዜ ኖሮት! ማታ ገብቶ ሳይነጋ ይነሳል። ማክሰኞም ሐሙስም፣ እንዳጋጠመው። እሑድ እኛ ጋ ውሎ አያውቅም። እናቴ ‹እሑድ የአዋሾቹ ነው› ስትል ነው ያደግኩት። እሑድ በመጣ ቁጥር እጠላችሁ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«እሑድ ሁሉ?»

«እሑድ ሁሉ።»

«እኛ ጋ እኮ አንዱን መጥቶ አንዱን ነበር የሚቀረው። የሚቀረው የእናንተ ነበር።»

«ወላሂ፣ አልነበረም።»

ሁለቱ ተያዩ። ፋሪሃ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ ድንኳኑ ሄደችና ጥጋቡን ወደ ጓሮ ይዛው መጣች። ጥጋቡ ከአባቷ ጋር አሥራ ሰባት ዓመት በረዳትነት ሠርቶ አሁን ራሱ ጢሙ የሸበተ ሾፌር ነው።

«ጥጋቡ፣ አባቴ እሑድ አዋሽ በማይኖርበት ጊዜ የት ነበር የሚውለው?»

ጥጋቡ አንዴ እሷን አንዴ ሙኒያን አየ። «ጋላፊ ነዋ። ቅዳሜ ጠረፍ ከደረስን ሰልፍ ይዞን እስከ ሰኞ እዚያው ነን።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«ምን ያደርጋሉ? መኪናው ስር ያነጥፉና ሩዝ ይቀቅላሉ። ለሁለት ሰው የአሥር ሰው ሩዝ! ‹ጋሽ አብዱ፣ ይሄን ማን ይጨርሰዋል?› ስላቸው፣ ‹እጄ ለምዶ ነው› ይሉኛል። የተረፈውን ለሰልፈኛው አድላለሁ። እሳቸው ብዙም አይበሉም።»

«ታዲያ ለምን አልነገረንም?»

ጥጋቡ ባርኔጣውን አወለቀ። «ማን ጠየቃቸው፣ ፋሪ?»

ፋሪሃን ክፉኛ ቆጫት። ማንም ላልወሰደባት እሑድ ስትል ሁለት ሰው ጠልታለች፤ አንዱ አሁን አፈር ገብቷል፣ ይቅርታም አይሰማም። ሙኒያ እጇን ውሃው ውስጥ እንዳደረገች ናት።

ፋሪሃ ጎንበስ ብላ ክንዷን ያዘችው። «ተነሺ» አለቻት። «ብርጭቆውን ሌላ ሰው ያጥበዋል።»

በጫማው ክምር በኩል፣ በተቀመጡት ሴቶች መሃል እየጎተተች ወሰደቻትና ፍራሹ ላይ፣ በራሷና በእናቷ መካከል አስቀመጠቻት። ሐያት እግሯን ሰብስባ ቦታ ሰጠቻት።

ወዲያው ከመተሐራ የመጡ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ገቡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፍራሹ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ፋሪሃ ዘረጉ። «የአብዱናሲር ልጅ አንቺ ነሽ?»

ፋሪሃ የአሮጊቷን እጅ ተቀብላ ከሙኒያ እርጥብ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«እሷ ናት» አለች። «ታናሽ እህቴ።»

«አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ አሮጊቷ። ሙኒያ እጃቸው ላይ ተደፍታ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። ፋሪሃም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራዋን ጠበቀች።