ማክሰኞ ካሴት፣ ሐሙስ ክፍል

የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የሥራ ማሻሻያ ሥልጠና የጀመረው በ1977 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በካሴት ይመጣል። ሠራተኞቹ ማክሰኞ በየፈረቃቸው ካሴቱን ያዳምጣሉ፤ ሐሙስ እኔ ዘንድ ክፍል ይገባሉ። መመሪያው ሐሙስን የመደበው ለውይይት ነበር። ካሴቱ የሚለው ከእኛ ሥራ ጋር ይስማማ እንደሆነ ሠራተኛው ይናገር ይላል። እኔ ግን ሐሙስም ያንኑ ካሴት መልሼ ከማጫወት በቀር የሠራሁት ነገር አልነበረም። ክርክር አልወድም። አስተማሪው ዱዓሌ ካሴት ከመክፈት ሌላ ምን ያውቃል ብትሉ ቅር አይለኝም።

አራተኛው ካሴት የማሽን ክፍል ወለል ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን ይላል። በዚያ ሐሙስ ከፈትል ክፍል ኻድራ እጇን አወጣች። አሥራ አራት ዓመት የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች የመጋላ ሰፈር ሴት ናት።

«አቦ አስተማሪ፣ እኛ ከቀትር በኋላ ወለሉ ላይ ውሃ እንረጫለን። አየሩ ሲደርቅ ክሩ ይበጠሳል። ይሄ ካሴት የድሬን ሙቀት አያውቅም ወላሂ።»

ክፍሉ ሳቀ። በእኔ የተሳቀ መሰለኝና ነደደኝ።

«ከካሴቱ አንቺ ትበልጫለሽ?» አልኳት። «ከነገ ጀምሮ የሁላችሁም ወለል ይድረቅ። ላንቺ መስመር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

ግንቦት ነበር። በሳምንቱ በኻድራ መስመር የሚበጠሰው ክር እጥፍ ሆነ። ሌሎቹ እኔ ዞር ስል ውሃቸውን ይረጩ ነበር፤ የታዘዘችኝ እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የምርት ኃላፊው ቁጥሩን አነበበና፣ ሌላ ምክንያት ካልቀረበ ኻድራ ወደ ጥራጊ ጥጥ ክፍል ትዛወራለች አለ። እዚያ ብናኙ ዓይን አያስከፍትም። እሷ ደግሞ አስም አለባት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ኻድራ ተነሣች። ስሜን ትጠራለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ትምህርቱን በደንብ አልተረዳሁም ጓዶች። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ስትቀመጥ ወደ እኔ አየች። እውነቱን ራሴ እንድናገር ዕድሉን እንደሰጠችኝ ገብቶኛል። ከላይ የመጣ ትምህርት ስህተት ነው ያለ ሰው ፀረ አብዮት እንደሚባል ስለማውቅ ፈራሁ። ደብተሬን ማገላበጥ ያዝኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል። ኻድራ ሰኞ ተዛወረች።

ሐሙስ ቴፑን ሳልከፍት ክፍሉ ፊት ቆምኩ።

«ዛሬ ካሴት የለም» አልኩ። «የወለሉን ነገር እናንተ ንገሩኝ። በጽሑፍ አድርጌ፣ ስሜን ፈርሜ ለኃላፊው እሰጣለሁ። ኻድራም ትመለሳለች።»

ሃያ ሁለት ሰው ነበሩ። ሁሉም ነገሩን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። አንዱ ጥፍሩን ያያል፣ ሌላው መስኮቱን። በመጨረሻ ከኻድራ ጎን ባለው ማሽን ትሠራ የነበረችው በድሪያ ቀና አለች።

«አስተማሪ፣ ኻድራም እዚሁ ተናግራ ነበር። ካሴቱን ክፈተው» አለችኝ።

ከፈትኩት።