የተወጋች ላም ወተት

ጄሮኖ ነገ በኬንያዋ ኤልዶሬት ከተማ ውድድር ትሮጣለች። አባቷ ሽማግሌው ቼሩዮት ለመንገድ የተቀቀለ በቆሎ ሊያስገቡላት ሻንጣዋን ሲከፍቱ፣ ከካልሲዎቿ መሃል መርፌና ብልቃጥ አገኙ።

"ይኼ ደግሞ የየትኛዋ ላም ነው?"

"የኔ ነው ባባ።" አንገቷን ደፋች። "አሰልጣኙ ነው የሰጠኝ። ሁሉም ይወጋል፣ አንቺ ብቻ ሞኝ አትሁኚ አለኝ።"

"ራሱ ተወግቶ ያን ቦርጩን ይዞ ይሩጣ!"

የሽማግሌው ቁጣ የገለባ እሳት ነው፤ ወዲያው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

"ስሚ ልጄ፣ የተወጋች ላም ወተቷን ምን እናደርገዋለን?"

"መድኃኒቱ እስኪወጣላት እንደፋዋለን።"

"የእርጎው ቅል ውስጥስ?"

"አይገባም።"

በሰፈራቸው አሸንፎ የተመለሰ ሯጭ ደጃፍ ላይ የሚጠጣው ከዚያ ቅል ነው።

"ታዲያ ተወግተሽ ብታሸንፊ፣ በምን አፌ ጠጪ ልበልሽ?"

ጄሮኖ እያለቀሰች ሳቀች፤ ብልቃጡንም ሽንት ቤት ጉድጓድ ከተተችው።

በማግስቱ ሰባተኛ ወጣች። ጎረቤት እንዳያያት በጓሮ በኩል ሹልክ ብላ ስትገባ፣ አባቷ እርጎ የሞላውን ቅል ታቅፈው አጥሩ ሥር ቆመዋል።

"ውጤቱን በሬዲዮ ሰምቼ፣ በዚህ እንደምትመጪ አውቄ ከቀትር ጀምሮ ተገትሬልሻለሁ" አሉ። "ሰባተኛ! እግርሽ የእናትሽ ነው፣ የመርፌ አይደለም። በይ ጠጪ።"