የኮስታኬ የስንብት ጉዞ

በግሎድ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሌላው ሰው ለክረምት ጎመን በጨው ዘፍዝፎ በበርሜል ሲያስቀምጥ፣ ቬቱሪያ ያስቀመጠችው ቂም ነው። ሰባት ክረምት አለፈ። የጎረቤቶቿ ጎመን አንዳንዴ ይበላሻል፤ የእሷ ቂም ግን አንድ ቀንም አልሸተተም።

ቂሙ በኮስታኬ ላይ ነው። ኮስታኬ አንጋፋ የባቡር ነጂ ነው፤ ጢሙ ከባቡሩ ቀድሞ ጣቢያ ይገባል እየተባለ ይታማል። ባቡሮቹ ላይ አንድ መሣሪያ አለ። ፊት ለፊት ያለው የሐዲድ መብራት ቢጫ ከሆነ፣ ከሐዲዱ ዳር የተተከለ ማግኔት ለባቡሩ ያሳብቃል፤ ነጂው ፊት አምፖል ይበራል። በአራት ሰከንድ ውስጥ ቁልፉን ካልተጫነ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ኮስታኬ ይህን እንደ ስድብ ነው የሚያየው። ስለዚህ ማጥፊያው እንዳይነካ የታሰረበትን፣ ፕሎምፕ የሚባለውን የእርሳስ ማኅተም በጥሶ መሣሪያውን ያጠፋል፤ ሥራ ሲጨርስ ከኪሱ ሌላ አውጥቶ ያስራል።

አንድ ጉማም ጠዋት ግን መሣሪያውን እንዳጠፋው፣ ፕሎምፑንም ሳያስር ባቡሩን ለቬቱሪያ ባል ለኔሉ አስረከበ። በግሎድ ደግሞ ከአንጋፋ የተረከቡትን ፕሎምፕ ቀና ብሎ መፈተሽ ትልቅ ነውር ነው፤ ሰውየውን ሌባ እንደማለት ይቆጠራል። ኔሉ ሳያይ ፈረመ። ጉሙ ውስጥ ቀዩን መብራት አልፎ የጭነት ባቡር ከኋላ ገጨ፤ የአንድ ሰው እግር ተሰበረ። «እኔ አስሬ ነው ያስረከብኩት» አለ ኮስታኬ። ኔሉ መንጃ ፈቃዱን ተቀማ፤ እስከ ዛሬ ፉርጎ ያጥባል።

ኮስታኬ ጡረታ የወጣ ዕለት እንደ አገሩ ልማድ ባቡሩ አበባ ለበሰ። የዴፖው ኃላፊ ኦክታቭ አብሮት ሊሄድ የፕለም አረቄውን ይዞ ነጂው ክፍል ገባ። የመሣሪያዎቹ ጠጋኝ ቬቱሪያም ገባች፤ ማጥፊያውን በአዲስ ፕሎምፕ አሰረችና ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

«በሠርጌ ቀን ዘበኛ ሆነሽ መጣሽ?» አለ ኮስታኬ።

«መሣሪያው ትናንት ተጠግኗል ጋሼ። በመጀመሪያው ጉዞ አብሬ መሄድ አለብኝ፤ ደንብ ነው።»

«ደንብ። ባልሽስ በየትኛው ደንብ ነው ባልዲ የተሸከመው?»

ቬቱሪያ ከአንገት በላይ ሳቀች።

ግሎድ ሊደርሱ ሲሉ ኮስታኬ በአንድ እጁ ጥሩምባውን እየነፋ በሌላው መንገድ ዳር ለቆመው ሰው ሰላምታ ይሰጣል። አምፖሉ በራ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ይጫነው ነበር። አልተነፈሰችም፤ በልቧ እስከ አራት ቆጠረች።

ባቡሩ ተንገጫግጮ ቆመ። አረቄው ኦክታቭ ሱሪ ላይ ተደፋ። የኮስታኬ እጅ ግን ጌታውን ሳያማክር ወደ ላይ ተወረወረና ፕሎምፑን በጥሶ መሣሪያውን አጠፋ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?» አለ ኦክታቭ።

«ተበላሽቶ ነው። ዝም ብሎ ያዘ።»

«ምንም አልተበላሸም» አለች ቬቱሪያ። «ቁልፉን አልተጫኑም። ማጥፊያውን ግን ሳያዩ አገኙት ጋሼ። ስንት ዓመት ቢለማመድ ነው እንዲህ የቀለጠፈው እጅዎ?»

ፕሎምፕ የተበጠሰበት ባቡር ምክንያቱ በመዝገብ ሳይሰፍርና መልሶ ሳይታሰር ንቅንቅ አይልም። ማሰሪያው ጉጠት ያለው በቬቱሪያ ኪስ ነው። መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«መጀመሪያ የዛሬውን። ከሥሩ የዚያን ጉማም ጠዋት።»

«ቬቱሪያ፣ ልጄ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። የልጅ ልጆቼ ቆመዋል።»

«ይቁሙ። ኔሉ ሰባት ዓመት ቆሟል።»

ኮስታኬ ኦክታቭን አየው። ኦክታቭ ሱሪውን በመሐረብ ከማድረቅ ቀና ሳይል «ጻፍ» አለው። «ያየሁትን እኔም እጽፋለሁ።»

ጻፈ። ቬቱሪያ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«‹ሳላስር አስረክቤ ሊሆን ይችላል› ይላል። ‹ሊሆን ይችላል› የሚለውን ይሰርዙት።»

ሰረዘና «ሳላስር አስረክቤያለሁ» ብሎ አስተካከለ። አዲሱን ፕሎምፕ ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እሷ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀችበት። ከጣቢያው የሚሰማው የማርሽ ባንድ የሚያውቀውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ዝም አለ።

ባቡሩ ሲገባ ቬቱሪያ በወዲያኛው በር ወርዳ፣ መዝገቡን በብብቷ ይዛ ወደ ፉርጎ ማጠቢያው ሄደች። ኔሉ እጁን ጠራርጎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ኦክታቭ ፈርሟል?»

«ከታች አለልህ።»

ኔሉ ሄዶ ውኃውን ዘጋ።