ሰው ሲገባ የሚጠፋው ድምፅ

ቀያሹ ድምፁን መጀመሪያ የሰማው ከገበያ ሲመለስ ነው። ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ መልሶ ሲረግጥ ከመቀመጫው ሥር የሆነ ነገር ቋ! አለ። ድንጋይ የመታው መስሎት ቆመ፤ ወርዶ አጎንብሶ አየ። ምንም የለም። ሲነሳ እንደገና፣ ቋ!

መኪናዋ አሮጌ ፎር ዊል ናት። መንገድ ከመሠራቱ በፊት መንገዱን ሲቀይስባት የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣም መሥሪያ ቤቱ ሲሸጣት ገዝቶ ይዟት የወጣ ነው። ጠባይዋን ከራሱ ጠባይ ይልቅ ያውቃል። እንዲህ ያለ አመል ግን አልነበራትም።

ይህ የሆነው ባለቤቱ ልጃቸው ዘንድ በሄደች ሰሞን ነው። ልጃቸው ሌላ ከተማ ወልዳ ነበርና እናትየው ልታርሳት ሄደች። አራስነቱ አለቀ። ከዚያ ልጅቷ ሥራ ጀመረች፤ ከዚያ ሞግዚት ተፈልጋ ጠፋች፤ ከዚያ ሕፃኗ ጥርስ ማብቀል ያዘች። ሁልጊዜ አንድ ነገር አይጠፋም። ባልና ሚስቱ አልተጣሉም። እሱ ነይ አላላትም፣ እሷም አልመጣም አላለችም። ዓመቱ እንዲሁ ዞረ፤ እሱም ከአልጋው በእሷ በኩል ያለውን ቦታ የታጠበ ልብስ መከመሪያ አደረገው።

መኪናዋን ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ አጠገቡ ተቀምጦ ሰፈሩን አብረው ዞሩ። መኪናዋ እንደ ጨዋ ልጅ ኮሽ ሳትል ሄደች።

«የቱ ነው ድምፁ፣ ጋሼ?»

«ቆይ፣ አሁን ይመጣል።»

አልመጣም። መካኒኩን አውርዶ ከግቢው በር ገና ሳይወጣ፣ ቋ!

ሁለተኛው ጋራዥ መኪናዋን በማንሻ ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለው፣ ሥሯን ሁሉ ነካካ። ጤነኛ ናት አለና ለስሙ ያህል የሞተር መደገፊያ ጎማ ቀየረላት። ሦስተኛው ከነተለማማጁ ተሳፍሮ ዞሮ ሲመለስ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጋሼ፣ መኪናዋን ይተዉዋትና ጆሮዎን ይታዩ» አለው።

ልጁ ስትደውል ነገሩን አጫወታት።

«አባዬ፣ የሚሰማህ ብቻህን ስትሆን ነው?»

«አዎ፣ ብቻዬን ስሆን ነው።»

ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ሐኪም ቢያይህስ ምን ይመስልሃል?» አለችው።

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ያ መለሳለስ አስፈራው። ከዚያ ወዲህ ራሱን መጠራጠር ጀመረ። ጎረቤቱን ላድርስህ ብሎ አሳፈረው፤ ድምፁ የለም። ጎረቤቱ ወረደ፤ ድምፁ መጣ። ቤት ሲገባ ፍሪጁ ማጓራት ሲጀምር፣ ይሄስ የምር ነው? እያለ ብድግ ብሎ በእጁ ይዳብሰዋል። በእጁ ሲንቀጠቀጥ ሲሰማው እፎይ ይላል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጎማው ተንፍሶበት ከከተማው ዳር ካለ ጋራዥ ገባ። ጋራዡን የያዘችው ሴት ናት፤ ከጎኗ አንድ ግዙፍ በያጅ የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። ጎማውን አስተካክላ ስትጨርስ እጇን እየጠረገች፣ «ሌላ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ?» አለችው።

«የለም» አለ። ቁልፉን አስገባ፤ መልሶ አወጣው። «አንድ ድምፅ አለ። ግን ሰው ሲገባ ይጠፋል።»

እንድትስቅበት ጠበቀ። እሷ ግን መጥረጓን አቆመች።

«ማንም ሰው ሲገባ?»

«ማንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ባለቤቴ ከሄደች ጀምሮ።» ከአፉ ካመለጠው በኋላ አፈረ።

«እሳቸው አብረውዎት ይሄዱ ነበር?»

«በየቀኑ። ሱቋ አብረን ውለን አብረን እንመለስ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና… ወፈር ያሉ ናቸው?»

ቀያሹ ሳቀ። ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ሚዛን ላይ ውጪ ቢሏት የምታኮርፍ ሴት ናት» አለ።

መካኒኳ መኪናዋን ሳታነሳ፣ በአራት ጎማዋ እንደቆመች መሬት ውስጥ ከተቆፈረው መሥሪያ ጉድጓድ በላይ አስቆመቻት። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈች፣ ማርሹን ዜሮ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። ቀያሹ መሪው ላይ እንደተቀመጠ በእጇ ከወለሉ ሥር አንዱን ብረት ወዲያና ወዲህ ስታዞረው ተሰማው። ቋ። ቋ።

ድንጋጤ ያዘው። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ እንጂ!» አለች ከታች። ከዚያ በያጁን ጠራችው። «አንተ፣ ና እስቲ ጋሼ አጠገብ ተቀመጥ!»

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገባ። መኪናዋ ወደ ታች ዝቅ አለች። መካኒኳ ብረቱን አዞረችው፤ ጸጥ። «ውጣ!» አለችው፤ ወጣ። ቋ። «ግባ!» ጸጥ።

«ሥራ አለብኝ እኮ፣ እህቴ» አለ በያጁ።

«ለዛሬ ሥራህ ክብደትህ ነው።»

ከዚያ ቀያሹን ወደ ጉድጓዱ ጠራችውና እጁን ይዛ የኋላው ትራስሚሲዮን ላይ አኖረችለት፤ ከማርሹ ሳጥን፣ ከካምቢዮው፣ እስከ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ረጅሙ ብረት ነው። መሐል ላይ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ በጥርስ ተያይዞ ይገባል ይወጣል። «ጫፍና ጫፍ ያሉት መጋጠሚያዎች፣ ክሮቸራዎቹ፣ ደህና ናቸው፤ ዲፈረንሻሉም ለዕድሜው ጤነኛ ነው። የተበላው ይሄ ጥርስ ነው። የተበላው ደግሞ ሁሉም ጋ አይደለም፤ እርስዎ ብቻዎን ሲሆኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። የኋላው ሞላ፣ ባሌስትራው፣ ስለደከመ ሰው ሲጨመር ዝቅ ይልና ብረቱ ተንሸራቶ ደህናውን ጥርስ ይነክሳል። ሰቅለው ሲያዩት ደግሞ ወደ ሌላ ወገን ይሳባል።»

ቀያሹ ብረቱን ራሱ አዞረው። ቋ አለ። ደጋግሞ አዞረው።

«አብጃለሁ ብለው ነበር?» አለችው።

«እንጃ፣ ልጄ» አለ። ዓይኑን የሞላው እንባ እንዳይታይበት ወደ ላይ፣ ወደ መኪናዋ ሆድ አየ።

ትራስሚሲዮኑ ተቀየረ። ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ደውሎ ሁሉንም ነገራት። እስኪያስላት ሳቀች። «ለካ መኪናህን ደግፌ የኖርኩት እኔ ነኝ!» አለች። ከጀርባዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ የሆነ ዕቃ ወደቀ።

«ልምጣ?» አለ።

«ወዴት?»

«እናንተ ጋ።»

«መኝታ እኮ የለም። ሳሎን ልትተኛ ነው» አለች።

በማግስቱ ሄደ። ገና አፏን መፍታት የጀመረችው የልጅ ልጁ ከመኪና ሲወርድ አይታ «ሹፌር!» አለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ስሙ ሹፌር ሆኖ ቀረ። ልጁ ወደ ሥራ እየሮጠች ትወጣለች፣ እየሮጠች ትገባለች፤ ሚስቱ ከማድቤት ወደ ሕፃኗ፣ ከሕፃኗ ወደ ማድቤት ትመላለሳለች፤ እሱ ሶፋው ዳር እንደ እንግዳ ጉልበቱን ገጥሞ ይቀመጣል። ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ ብቸኝነቱ አልለቀቀውም። እንዲያውም ባሰበት።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ጠዋት ሚስቱ የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ ተከትሏት ወጣ። እሷ ታሰጣለች፣ እሱ መቆንጠጫ ያቀብላል።

«ከሳህ» አለችው ሳታየው።

«አንቺ የለሽማ።»

እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ እሷም ሰምታ አታውቅም። ከባልዲው ውስጥ የሕፃኗን እርጥብ ቀሚስ አንስታ አንዱን ጫፍ ለእሱ ሰጠችው፤ ሌላውን እሷ ይዛ አብረው ጠመዘዙት።